በቃሪያ ስም የወጣው ፓምፕ

ቃሪያ ያሏት በስድስት ዓመቷ ነው። አንድ የእናቷ ጎረቤት ጉንጯን ቆንጥጦ ሊያጫውታት ሲሞክር ጣቱን ነክሳ ሰውየውን አስለቀሰችው። «ይቺማ ልጅ አይደለችም፣ ቃሪያ ናት» አለ ጣቱን እያራገበ። ስሙ በዚያው ተጣበቀባት። አግብታም፣ ሁለት ሴት ልጆች ወልዳ ድራም፣ አርባ አምስት ዓመት ሞልቷትም ቃሪያ ነበረች። ቁመቷ ከባሏ ብብት አያልፍም፤ ገበያ ላይ ግን ቲማቲሟን ዳብሶ ዳብሶ ሳይገዛ የሄደ ሰው ሁለተኛ በእሷ በኩል አያልፍም።

ባሏ ተቃራኒዋ ነው። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ሰው እግሩን ቢረግጠው እሱ ይቅርታ የሚጠይቅ። «የእኔን ድርሻ ንዴት ሁሉ ለእሷ ሰጥቻት ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። ሁለቱ ከወንዙ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ግማሽ ሄክታር መሬት አላቸው። ቲማቲም፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ያመርታሉ። አፈሩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ውሃው ታች ነው፣ መሬቱ ላይ ነው። ከጎናቸው እማማ የሚሏቸው ባልቴት ብቻቸውን ሽንኩርት ያለማሉ። ታች፣ ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ግን የጋሼ ነው።

ጋሼ የባሏ አጎት ናቸው። አባቱ ሲሞት አንስተው ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ የዳሩት እሳቸው ናቸው። የአትክልት አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበርም ናቸው። በአካባቢው ሰው ሲጣላ ጋሼ ይጠሩ ይባላል፤ ወረቀት ሲመጣ ጋሼ ያንብቡት ይባላል። ቃሪያም ብትሆን ጋሼ ፊት ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ማኅበሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰው ሰበሰበ። ከግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣ ባለሙያ ነገሩን አስረዳ። መንግሥት አነስተኛ አምራቾችን ሊደግፍ ነው። መሬታቸው ከአንድ ሄክታር በታች ለሆነ ሁሉ የውሃ ፓምፕ፣ ምርጥ ዘርና ለላስቲክ ቤት የሚሆን ሽፋን ይሰጣል። ከዚህ በኋላ የትምህርት ቤቶቹ ማብሰያ ቤቶች አትክልት ከሩቅ በመኪና ማስመጣት ትተው እዚሁ ካለው ገበሬ ይገዛሉ።

«እናንተ ያበቀላችሁትን የእናንተው ልጆች ይበሉታል» አለ ባለሙያው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

የሚፈልግ በማኅበሩ በኩል ይመዝገብ ተባለ። ቃሪያ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል። ስሟን ጽፋ ፈረመች። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው «ጎሽ ልጄ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነበር። ሦስት ወር፣ አምስት ወር፣ ስምንት ወር። በመንገድ ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ የኛስ ነገር?»

«ልጄ፣ ቢሮ ነው፤ ቢሮ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ዝርዝሩ ላይ አለሽ፤ አትስጊ።»

በዚያ በጋ ፀሐዩ ጨከነ። ቲማቲሙ አብቦ ፍሬ ሊይዝ ሲል ቅጠሉ እንደ ወረቀት ይኮማተር ጀመር። ባሏ ጠዋትና ማታ በሁለት ጀሪካን ከወንዙ ውሃ ያመላልሳል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው ባዶ እጁን እንኳ ሲወጣው ያለከልካል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቃሪያ ስትኮተኩት የጀሪካን ድምፅ ሰማች፤ እየተንከባለለ ሲወርድ። ቀና ስትል ባሏ የለም። ሮጣ ወርዳ ስታየው ዳሌውን ይዞ በጎኑ ተኝቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ውሃው ፈሰሰ» አላት። መጀመሪያ ያለው እሱን ነው።

ሐኪሙ ዳሌው እንደተሰበረና አጥንቱ ቢገጥምም እንደ ድሮው እንደማይሆን ነገራቸው። አራት ወር አልጋ ላይ ዋለ። ቲማቲሙ በቆመበት ተቃጠለ። ጋሼ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጁን ያዙና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አይዞህ ልጄ። ያ ፓምፕ በጊዜ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ምን ይደረግ!»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ቃሪያ ራሷ አይታዋለች።

ባሏ በምርኩዝ መቆም ሲጀምር ቃሪያ ማንንም ሳታማክር አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደች። ማመልከቻ ልታስገባ ነበር፤ ባሌ ተጎድቷል፣ ተራዬን አስቀድሙልኝ ልትል። አራት በር አንኳኩታ በመጨረሻ መዝገብ ቤት ላኳት። መዝገብ ቤቱ በጣሪያው ልክ በፋይል የታጨቀ ጠባብ ክፍል ነው። ውስጡ ያለችው ሠራተኛ ለአቧራው ብላ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አስራለች። ስሟን ጠይቃት መሰላል ላይ ወጣች፤ አንድ ፋይል አውርዳ ገለጠች።

«አንቺ ተቀብለሻል እኮ።»

«ምኑን?»

«አንድ የውሃ ፓምፕ። ሦስት ጥቅል የላስቲክ ቤት ሽፋን። የካሮትና የቲማቲም ዘር። ይኸው፣ ዓመት ሊሞላው ነው።»

ቃሪያ ሳቀች። «የኔ እህት፣ ተሳስተሻል። የሌላ ሰው ይሆናል።»

ሠራተኛዋ ፋይሉን አዙራ አሳየቻት። ስሟ ነው። የአባቷ ስም፣ የመሬቷ ስፋት፣ ሁሉም ልክ ነው። ከታች ፊርማ መኖር ባለበት ቦታ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከጎኑ በሰው እጅ የተጻፈ፦ ተቀባይዋ ማንበብና መጻፍ አትችልም።

ቃሪያ ወረቀቱ ላይ አፍጥጣ ቀረች። የገረማት ስርቆቱ ብቻ አልነበረም። ስምንት ዓመት በእግሯ እየተመላለሰች የተማረችውን በአንድ መስመር ሰርዘውታል። የአጻጻፉን ቅርጽ ታውቀዋለች። በልጆቿ የሠርግ መጥሪያ ላይ ስም የጻፈው ያው እጅ ነው፤ የጋሼ እጅ ነው።

«ሌሎችም አሉ?» አለች።

ሠራተኛዋ አየት አደረገቻትና ገጹን ገለበጠች። አሥራ ሁለት ስም። አሥራ ሁለት ጣት። እማማም አሉበት።

«የነሱን ልሰጥሽ አልችልም። የራስሽን ግን ግልባጭ ማግኘት መብትሽ ነው» አለቻት።

ስትመለስ በታችኛው መንገድ ነበር የመጣችው። በጋሼ ማሳ ዳር ስታልፍ ሞተሩ ይንዶቆዶቃል። ለወትሮውም ሰምታዋለች፤ ጋሼ የራሳቸው ፓምፕ ነው ብላ ነበር። ወደ ቤቷ ወጣች፤ የነጭ ጋዝ ዕቃውንና ክብሪት አነሳች፤ በጠራራ ፀሐይ ተመልሳ ወረደች። ፓምፑ ፊት ቆመች። ጎኑ ላይ የተበየደ ቁጥር አለ። ግልባጩን ከብብቷ አውጥታ አስተያየችው። ቁጥሩ አንድ ነው።

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ገባት። የጋዙን ክዳን መልሳ ጠመዘዘችው።

«የገዛ ንብረቴን ነው እንዴ የማቃጥለው?» አለች ጮክ ብላ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በልቧ ሰውየው አንቱ መሆኑ ቀረ። አፏ «ጋሼ፣ እርስዎ» ይላል፤ ሆዷ «አንተ» ይላል። ቂሟን ቋጥራ ዋጠችው።

ለባሏ አልነገረችውም። ብትነግረው ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ያለቅሳል፣ ከዚያ «ደሜ ነው፣ ያሳደገኝ ነው» ይላል። ጋሼ አስታራቂ ይዞ ይመጣል፣ ፓምፑን ይመልሳል፣ ስህተት ነው ይባላል፣ ተሳስመው ይለያያሉ። በሳምንቱ ጋሼ በሊቀመንበር ወንበሩ ላይ ነው። ቃሪያ የፈለገችው ፓምፕ አልነበረም። ባሏ ተንከባልሎ የወረደባትን ዳገት ያህል እሱም ተንከባልሎ ሲወርድ ማየት ነበር የፈለገችው።

ስለዚህ አንገቷን ደፍታ ጋሼ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ባሌ እንደሚያዩት ነው። ካሮት ማጠቢያው ላይ ለቀን ሥራ ቢያስገቡኝ።»

«ምን ገዶኝ ልጄ! ከፈለግሽ ከነገ ጀምሪ።»

ሁለት ዓመት ካሮት አጠበች። በገዛ ፓምፗ በተሳበ ውሃ፣ በገዛ ዘሯ የበቀለ ካሮት፣ በገዛ ስሟ ውል ለትምህርት ቤቶቹ ሲጫን እያየች ጥርሷን ነክሳ አጠበች። እጇ በቀዝቃዛው ውሃ እየተሰነጠቀ ሲደማ እንኳ ፈገግ ትል ነበር። ሌሎቹ ሴቶች «ቃሪያ በስተርጅና ጣፈጠች» እያሉ ይስቁባት ነበር። በየሁለት ወሩ መዝገብ ቤት ትሄዳለች። «የኔ ፋይል ላይ አዲስ ነገር አለ?» ትላለች። ሁልጊዜም አለ። የላስቲክ ቤቱ በስሟ ቆመ። የትምህርት ቤቶቹ የአቅርቦት ውል በስሟ ተፈረመ። ሠራተኛዋ ፎቶ ኮፒ እያደረገች፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ትሰጣታለች። አንድ ቀን ብቻ ሻሿን ከአፏ ዝቅ አድርጋ «እስከ መቼ ነው የምትሰበስቢው?» አለቻት።

«እስኪበስል» አለች ቃሪያ።

በሁለተኛው ዓመት እማማ በአጥሩ በኩል ጠሯት። ሽንኩርታቸው ለሁለት ተከታታይ ዓመት ደርቋል። በእጃቸው አንድ ቡቃያ ነቅለው ይዘዋል፤ ሥሩ እንደ ክር ቀጥኗል።

«ልጄ፣ መሬቱን የሚገዛኝ ሰው መጥቷል። የጋሼ አማች ነው። ያ ድጋፍ ይመጣል ሲሉ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። አንቺ ታች ትውያለሽ፤ ወሬ አትሰሚም? ይመጣል ካልሽኝ አንድ ዓመት ልታገስ። አይመጣም ካልሽኝ ሸጬ ልጄ ዘንድ ልግባ።»

የእማማ ፓምፕ የት እንዳለ ቃሪያ ታውቃለች። ከጋሼ ጎተራ ጀርባ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ መለዋወጫ እየተነቀለለት። ብትናገር እማማ እሪ ይላሉ፤ አገር ይሰማል፤ ጋሼ ይነቃል። ጋሼ በድጋፉ ሊያሠራው ነው የሚባለው የማቀዝቀዣ መጋዘን ደግሞ ገና አልተጀመረም፤ እሷ የምትጠብቀው እሱን ነው።

«እርስዎ ያውቃሉ፣ እማማ» አለች።

እማማ መሬታቸውን ሸጡ። የሄዱ ቀን ቃሪያ ዕቃቸውን አውቶቡስ ላይ ጫነችላቸው። እማማ ጉንጯን ሳሟት። ያን ቀን ካሮት ማጠቢያው ላይ ፈገግ አላለችም።

መጋዘኑ የጋሼ ትልቁ ስስት ነበር። መንግሥት አነስተኛ አምራቾች ምርታቸው እንዳይበላሽ የማቀዝቀዣ መጋዘን እንዲሠሩ ያግዛል፤ ማሽኑንና ግማሹን ወጪ ይሸፍናል። ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ቀሪውን ተጠቃሚው ያዋጣል፤ መጋዘኑ የሚቆምበትም መሬት በተጠቃሚው ስም መሆን አለበት። ጋሼ አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። ከዝርዝሩ ውስጥ አፍ የሌላት፣ እጁ ሥር ያለች፣ ዘመድም የሆነች ሰው ፈለገ። ከብቶቹን ሸጦ ድንጋይና ሲሚንቶ አስገባ። መንገድ ዳር ያለችውን፣ ከአባቱ የወረሳትን ቁራሽ መሬት፣ በእውነተኛ ፊርማውና በእውነተኛ ማኅተም ወደ ቃሪያ ስም አዛወረ። ወረቀቱ በእሱው ሳጥን ውስጥ እስካለ ድረስ ምን ይመጣል ብሎ ነው።

ሠራተኛዋ ያንን ግልባጭ ስትሰጣት ቃሪያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። አውቶቡስ ላይ ያለምንም ምክንያት ሳቀች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ።

የበሰለው ነገር ራሱ ከዛፉ ወረደላት። መጋዘኑ ተመርቆ ወር ሳይሞላው ከዋናው መሥሪያ ቤት ቡድን ሊመጣ ነው ተባለ። አርአያ የሆነችውን አነስተኛ አምራች ሴት በአካል ማየት ይፈልጋሉ። ጋሼ በዚያው ቀን ወደ ተዳፋቱ ወጣ። ላቡን እየጠረገ ደጃቸው ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ አንዲት ውለታ እፈልጋለሁ። እንግዶች አሉ። ማኅበሩ እንዳይዋረድ ለአንድ ቀን ብቻ ንብረቱ የኔ ነው ብለሽ ብትቆሚ። እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ራስሽን መነቅነቅ ነው።»

«ለርስዎማ ምን እምቢ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ቢጠይቁሽ ማንበብ አልችልም በይ። ነገሩ እንዳይወሳሰብ።»

«እሺ።»

ቀኑ ደረሰ። መጋዘኑ ፊት ወንበር ተደርድሯል፤ ሳጥኖቹ ታጥበው ካሮቱ እንደ ሻማ ተደርድሯል። የማኅበሩ አባላት በሙሉ መጥተዋል። ባሏም በምርኩዙ እያነከሰ መጥቶ ከኋላ ቆሟል። የቡድኑ መሪ መነጽር ያደረገች፣ ማስታወሻዋን ከእጇ የማትለይ ሴት ናት። ጋሼ አዲሱን ኮቱን ለብሶ ተነሳ፤ ቃሪያን በትከሻዋ አቅፎ ወደ ፊት አመጣት።

«ይህች የምታዩአት ሴት ባዶ እጇን የነበረች ናት» አለ አፉን ሞልቶ። «ዛሬ ያ ፓምፕ የእሷ ነው። ያ ላስቲክ ቤት የእሷ ነው። ይህ መጋዘን፣ የቆመበት መሬት ጭምር፣ የእሷ ነው። እኛ ከኋላዋ ሆነን ከማበረታታት በስተቀር ያደረግነው የለም!»

ተጨበጨበ። መሪዋ ወደ ቃሪያ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው» አለች ቃሪያ። «ይጻፍልኝ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። የእኔ ነው ብለዋል።» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ እጇን ዘረጋች። «እንግዲህ ቁልፉን።»

ጋሼ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

«ቁልፉን፣ ጋሼ። ንብረቴን ሁለት ዓመት ጠብቀውልኛል፤ አመሰግናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እኔው እይዘዋለሁ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ዓይኑ ከቃሪያ ወደ መሪዋ፣ ከመሪዋ ወደ ሕዝቡ ተንከራተተ። «የኔ ነው» ቢል አሥራ ሁለት ጣት አለ። «የእሷ ነው» ቢል ከብቶቹ፣ ያባቱ መሬት፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ራሴን እየነቀነቅሁ» አለችው።

ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ወደቀበት፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው። ቃሪያ ዝቅ ብላ አላገዘችውም። ተቀብላ መቀነቷ ላይ አሰረችው። መሪዋ መዝገብ አቀረበችላት፤ እንግዶቹ ፊት እንድትፈርም። ቃሪያ ብዕሩን ይዛ ሙሉ ስሟን በዚያ በሚያምር ጽሑፏ ጻፈች። መሪዋ ጽሑፉን አየች፣ ከማስታወሻዋ ውስጥ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት አንድ ወረቀት ገለጠች፣ ደግሞ ጽሑፉን አየች። መነጽሯን አወለቀችና ጋሼን ረዘም አድርጋ ተመለከተችው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ቤታቸው መጣ። ኮት የለም፣ ባርኔጣ የለም። በአንድ ሌሊት ያረጀ ይመስላል። ባሏ እንደ ልማዱ ሊነሳለት ምርኩዙን ፈለገ።

«አትነሳ» አለችው ቃሪያ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረች። «ተቀመጥ።»

ባሏ ደነገጠ። «አንቺ! ጋሼን ተቀመጥ ትያለሽ?»

«ተቀመጥ አልኩት።»

ጋሼ ተቀመጠ። «ከብቶቼን ሸጬበታለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። «መሬቱም ያባቴ ነው። ፓምፑን ውሰጂ፣ ላስቲክ ቤቱን ውሰጂ። መጋዘኑን ተይልኝ። ባልሽን እንደ ልጄ አሳድጌው የለም?»

«አሳድገኸዋል። ከዚያ ሰበርከው።» ግልባጩን ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችው። «አንብበው። ቀኑን እይ። አንተ በጀሪካን ስትወጣ ፓምፑ አምስት ወር ሙሉ እሱ ማሳ ላይ ነበር። ብርቱካን ይዞ ሲመጣም እዚያው ነበር። 'በጊዜ ደርሶ ቢሆን' ብሎ ሲያለቅስልህም እዚያው ነበር።»

ባሏ ረጅም ጊዜ አነበበ። በመጨረሻ ባሏ ምርኩዙን ይዞ ተነሳ፤ በሩን ከፈተው፤ ከፍቶ ቆመ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ቃሪያ የልቧ ደረሰ። በሩን ልትዘጋ ስትል ባሏ እጇን ያዘ።

«ሁለት ዓመት ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለኔ አለመንገርሽስ ይሁን፤ ታውቂኛለሽ። ግን ዝርዝሩ ላይ እማማም ነበሩ? ሲሸጡ ታውቂ ነበር?»

ቃሪያ በተከፈተው በር ወደ እማማ አጥር አየች። ባሏ እጇን ለቀቀው።

በዚያው ሳምንት ቃሪያ ከቡድኑ መሪ ዘንድ ሄዳ ዝርዝሩ እንዲመረመር አመለከተች። አሥራ ሁለቱም ጣቶች የአንድ ሰው፣ የጋሼ፣ አውራ ጣት ሆነው ተገኙ። ጋሼ ከሊቀመንበርነቱ ተነሳ፤ ተከሰሰ፤ ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። ለካሳው ከሜዳው አብዛኛው ተሸጠ። ቃሪያ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ውሳኔው ሲነበብ ቃል በቃል ሰማች። ሌሎች ሰዎች በመጨረሻ አዘኑለት፤ እሷ አላዘነችም። መጋዘኑ በስሟ ጸና፤ መብቱም የእሷ ነበርና ማንም አልነቀነቀውም። ድጋፉን ያላገኙት አሥር ሰዎች ፓምፓቸውን አገኙ። ያላገኙት እማማ ብቻ ናቸው። መሬት የሌለው ሰው አነስተኛ አምራች አይባልም።

ቃሪያ ከተማ ሄዳ ፈለገቻቸው። የልጃቸው ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ አጭር ዱካ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲልጡ አገኘቻቸው። ሽንኩርቱ ከገበያ የተገዛ ነው። እማማ ሲያዩዋት ደስ ብሏቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ቃሪያ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። የጋሼን፣ የጣቱን፣ የፓምፑን። መጋዘኑ ውስጥ ያለምንም ክፍያ ድርሻ ልትሰጣቸው እንደምትፈልግም ነገረቻቸው።

እማማ ሰምተው ጨረሱ። «ያን ዕለት በአጥሩ በኩል ጠይቄሽ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ምን አልሽኝ?»

«'እርስዎ ያውቃሉ' አልኩዎ።»

«አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

እማማ ቢላዋቸውን አነሱ። «እሱ ውሃዬን ወሰደ፤ አንቺ ደግሞ አንድ ቃል ከለከልሽኝ። ድርሻሽን አልፈልግም። ልርገምሽም አልልም። ሁለተኛ ግን እዚህ እንዳትመጪ።» ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠሉ። ቃሪያ ወጣች።

ዛሬ መጋዘኑን የሚያስተዳድሩት አሥራ አንዱ አብረው ናቸው። ቃሪያን ሊቀመንበር ሊያደርጓት ፈልገው ነበር፤ «የማውቀውን በሆዴ ይዤ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩ ሴት ነኝ፤ ሌላ ፈልጉ» ብላ እምቢ አለች። እሷ የያዘችው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ከግብርና ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በመጣበት ቀን መጋዘኑ ፊት ቆማ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ማን ምን እንደተሰጠው፣ መቼ፣ በስንት ቁጥር። የማይችል ካለ ስሙን ራሱ እንዲጽፍ ታስተምረዋለች። ጣት አታስነካም።

ጋሼ ተፈቷል። ከሜዳው የቀረችለትን ጠባብ ቁራሽ በገዛ እጁ ይኮተኩታል። ቃሪያ በታችኛው መንገድ ስታልፍ ዶማውን አስደግፎ ቀና ይላል።

«እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?» ይላታል።

አትመልስለትም። ባሏ አብሯት ካለ ይመልሳል፤ እሷ አንድም ቀን መልሳለት አታውቅም።